ከ1880 በኋላ የጠፉትን የካንሳስ ሰፋሪ እንዴት አገኘኋቸው

የባለቤቴ ምንዥላት የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ካንሳስ ውስጥ መጀመሪያ ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። በ1880ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከነሚስታቸውና ልጆቻቸው ተመዝግበዋል። በ1900 ግን የሉም። የ1890ው መዝገብ ደግሞ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ሰበብ አብዛኛው ጠፍቷል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል።

መፍትሔው የግዛቷ የራሷ ቆጠራ ነው። ካንሳስ በ1885 እና በ1895 ለብቻዋ ቆጥራለች። ቅጹ ላይ «ወደ ካንሳስ የመጣው ከየት ነው?» የሚል ዓምድ አለ። እንዴት ያለ ግሩም ዓምድ መሰላችሁ! የትውልድ ቦታቸው ፔንስልቬንያ ይላል፤ የመጡት ግን ከኦሃዮ ነው። በ1895 የቤቱ ኃላፊ ሆነው የተመዘገቡት ሚስትየዋ ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው በመሐል ሞተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ካውንቲው (በግዛቷ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) የውርስ መዝገብ ሄድኩ። ወራሾቹ በሙሉ ከነዕድሜያቸውና ከነመኖሪያቸው ተዘርዝረዋል። ያገቡት ሴት ልጆች በባሎቻቸው ስም ነው የተጻፉት፤ በ1900 ልናገኛቸው ያልቻልነውም ለዚህ ነው። እናትየዋም ከአንዷ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር።

የእናንተ ሰፋሪ መሬቱን ያገኙት በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ (ለሰፋሪዎች እስከ 160 ኤከር የመንግሥት መሬት በሚሰጠው ሕግ) ከሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለውን ፋይል ጠይቁ። የጎረቤቶች ምስክርነት፣ የቤቱ ስፋት፣ የታረሰው መሬት ሳይቀር እዚያ አለ። ስም ስትፈልጉ ደግሞ የአባትየውን ብቻ አትያዙ። ቆጣሪዎቹ እንደሰሙት ነው የሚጽፉት። የልጆቹን ስምና ዕድሜ አብራችሁ አስገቡ።