አሮጌ የጌም ኮምፒውተር በትንሽ ብር እንዴት ይታደሳል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ "የጌም ኮምፒውተር አለኝ" የሚል ልጅ ቤት ብትገቡ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከቢሮ የወጣ ጥቁር ዴል ነው። የእኔም እሱው ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ኮር አይ 5-3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም። ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም እስኪከፈት አቦል ተጠጥቶ ቶና ይደርሳል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ስታክ ታደርጋለች።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ዕቃ) ፍለጋ ነው። እኔ ካርዱን መጨረሻ አድርጉት ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ብር የማያስወጣውን እንሥራ። ጌሙ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ራሙ ጢም ብሎ ከሞላ ችግሩ ራም ነው። ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ሃርድ ዲስኩ ነው። እነሱ ሰላም ሆነው ጌሙ አሁንም ከተንቀራፈፈ፣ ያኔ ስለ ካርድ እናወራለን። ያያችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ያለውን እንጂ የጎደላችሁን አይሸጥላችሁም።

ቀጥሎ ኬዙን መክፈት ነው። ገመዱን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።

አሁን አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ደረቅ ነው፤ ሁላችንም በርኖስ ወይ ሹራብ ደርበን ነው የምንውለው። ማታ ባና ስትገፉ በጨለማ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ታውቁት የለ? እሱ ነው ጣጣው። እናንተን ቆንጠጥ አድርጎ ይተዋችኋል፤ ራምን ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሱፉን አውልቁ (ይበርዳል፣ አውቃለሁ)። አልጋ ላይ ሳይሆን የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ።

አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፤ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ በካቻቪቴ ፍቱት። ሥር ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፤ በአልኮል ጠርጋችሁ አተር የምታክል አዲስ ጠብታ አድርጉበት። ብዙ ሲደረግ ይሻላል የሚባለው ውሸት ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ደግነቱ ብርዱ ያካክሰዋል።

አሁን ወደ ግዢ። ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ፣ ጥሩ እንዲሠራ ብለው ሠሪዎቹ ከጻፏቸው ነገሮች ውስጥ ኮር አይ 5-3470፣ 8 ጊጋ ራምና 2 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 660 ካርድ ይገኛሉ። አያችሁ? ፕሮሰሰሩ ድሮም እጃችን ላይ ነው። እሱን ለጊዜው እርሱት።

ራሙን 8 አድርሱት። 7010 የሚወስደው ዲዲአር 3 የሚባለውን የራም ዓይነት ነው፤ ዲዲአር 4 ክፍተቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፣ አትግፉት። አንድ ባለ 8 ከመግዛት ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይፈጥናሉ። በጣም ረክሶ ያገኛችሁት ራም የሰርቨር እንዳይሆን ጠይቁ። እሱ እዚህ ላይ አይነሳም።

ከዚያ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥነው ማከማቻ። የጌሙን ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) አይጨምርም፤ መጠበቁን ግን ይገላግላችኋል። 120 ጊጋ አትግዙ፣ ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ ይበላል። 240 ይሁን። የድሮው ሃርድ ዲስክ ለፊልም ይቀመጥ።

ካርዱ ላይ ደርሰናል። ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሳፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብቡ። የ7010 ትልቁ ኬዝ 275 ዋት ነው፣ ቀጭኑ 240። ስለዚህ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይጠይቅ፣ ከ75 ዋት ያልበለጠ ካርድ ፈልጉ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ለዚህ ማሽን ልክ ነው። ለቀጭኑ ኬዝ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ያስፈልጋል። 30 ዋት የሚወስደው ጂቲ 1030 ይሆናል፤ ግን ሜሞሪው ጂዲዲአር 5 የሚለውን ውሰዱ። ዲዲአር 4 የሆነው ስሙ አንድ ነው እንጂ በጣም ይንቀረፈፋል።

እኔ የተሸወድኩት እዚሁ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ 1050 ቲአይ በሚገርም ዋጋ አገኘሁ። ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የሞኒተር መሰኪያም ነበረው። ሞኒተሬ አሮጌ ስለሆነ ደስ አለኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ቤት ገብቼ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ስከፍት ኮሩ (የካርዱ ማስሊያ ክፍሎች ብዛት) 192 ይላል። እውነተኛው 768 ነው። ሌላ አሮጌ ካርድ ነው፣ ስሙን ቀይረውለት። ስልክ ደወልኩ፤ "ዓይተህ ነው የወሰድከው" ተባልኩ።

በኋላ ነው የገባኝ፤ ደስ ያሰኘኝ መሰኪያ ራሱ ይጮህ ነበር። የዚህ ትውልድ ካርዶች ቪጂኤን ትተውታል። ስለዚህ 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ውጡ። ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ 768 የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር እንዳትቆጥሩ። ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መቀየሪያ አብራችሁ ግዙ።

ካርዱን ስትሰኩ "ቀጭ" እስኪል ግፉት፤ ብሎኑን አጥብቁ፤ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ጫኑ። ከፍታችሁ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ካርዱ ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሞኒተሩ ገመድ አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን አሁንም ድሮ በነበረበት ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተሰካው።