ከኢትዮጵያ ሆኖ አሜሪካ ምህንድስና ለመማር እንዴት ማመልከት ይቻላል?

ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ነጥብ ያስፈልገኛል?» ብለው ነው። እኔ ግን «ማን ይከፍልልሃል?» ከሚለው እንጀምር እላለሁ። በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ የምታመለክቱባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጡት የገንዘብ እርዳታ ምረጡ። ኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም)፣ ፕሪንስተን፣ ሃርቫርድና ዬል የውጭ ተማሪን የቤተሰቡን አቅም ሳያዩ ይመርጣሉ። ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ግን መግባቱ በጣም ከባድ ነው። እንደ ስዋርትሞርና ላፋየት ያሉ ምህንድስና የሚያስተምሩ ትናንሽ ኮሌጆችንም ጨምሩ። እነሱም ለውጭ ተማሪ ጥሩ እርዳታ አላቸው፤ ለመቀበል ሲወስኑ ግን የምትጠይቁትን ገንዘብ መጠንም ያያሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው ለውጭ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። ብዙ ልጅ የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ፓስፖርታችሁን ቶሎ አውጡ። ከዚያ ትራንስክሪፕቱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። አንዱ ላይ የአያት ስም ከጎደለ ወይም አጻጻፉ ከተለየ አሁኑኑ አስተካክሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ አንዱ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ሆኖ የሁለት ሰው ወረቀት የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ፈተናን በተመለከተ፣ ኤስኤቲን (የንባብና የሒሳብ መግቢያ ፈተና ነው) ኤምአይቲ ግዴታ አድርጎታል። አሁን በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ሒሳቡ ለኛ ተማሪዎች ብዙም አይከብድም፤ ጊዜ የሚበላው ንባቡ ነው። ካን አካዳሚ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለማመዱ። በየቀኑ ጥቂት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ደግሞ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መምህር ስለ ተማሪው የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ለመምህሮቻችን አዲስ ነገር ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር መምህር የእናንተን ነገር ሁሉ አያስታውስም። ስለዚህ ጋሽዬን ወይም ቲቸርን ቀደም ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ያደረጋችሁትን ሁለት ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ኤምአይቲ አንዱን ደብዳቤ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ መምህር፣ ሌላውን ከቋንቋ ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ይፈልጋል።

ድርሰቱ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ መሐንዲስ መሆን እመኝ ነበር» አትበሉ። የእናታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ተቃጥሎ ፈታችሁ ካያችሁት፣ እሱን ጻፉ። መጀመሪያ ምን አሰባችሁ? የቱ ጋ ተሳሳታችሁ? እንዴት አወቃችሁ? መሐንዲስ የሚታየው እዚያ ውስጥ ነው።

የማመልከቻ ክፍያ ብዙ ቦታ 70 ወይም 75 ዶላር አካባቢ ነው። ካልቻላችሁ እንዲቀርላችሁ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። ለእርዳታ ቅጹ የወላጅን ገቢ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ተቀጣሪ ከሆኑ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስጽፉ። ቅጹን በእውነት ሙሉ። እናስገባሃለን ለሚል ደላላ ደግሞ አንድ ብር አትክፈሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ የመደበኛ ማመልከቻ ቀኖች ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ጃንዋሪን «ጥር» ብላችሁ ጥር 1ን ከጠበቃችሁ ቀኑ አልፏል፤ ጃንዋሪ 1 ታህሳስ 23 አካባቢ ነው። ማመልከቻው ከኛ ገና በፊት ማለቅ አለበት። መብራትና ኔትወርክ በመጨረሻው ቀን ስለሚያስቸግሩ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩ።

ተቀባይነት ካገኛችሁ ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን፣ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ሰነድ ይልክላችኋል። ከዚያ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሥርዓት) ክፍያ 350 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደምትማሩ፣ ለምን እዚያ እንደመረጣችሁና ማን እንደሚከፍል ትጠየቃላችሁ። በሸመደዳችሁት ሳይሆን በራሳችሁ ቃል መልሱ፤ የእርዳታ ደብዳቤውን ከላይ አድርጋችሁ ያዙ።