«ዘ ሳይንስ ኦፍ ስሊፕ»ን ግራ ሳይገባችሁ ለማየት

ይህን የ2006 ፊልም ጀምራችሁ ግማሽ ላይ የተዋችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደገና ሞክሩት።

መጀመሪያ ሰብታይትሉን አረጋግጡ። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ እየተቀላቀለ ስለሚሄድ አንዱ ካመለጣችሁ ነገሩ ይበጠሳል።

ታሪኩን ቀድሞ ማወቅ አይጎዳም። ሕልምና እውን የሚቀላቀሉበት ስቴፋን (ጋኤል ጋርሲያ ቤርናል) አባቱ ሲሞትበት ከሜክሲኮ እናቱ ወዳለችበት ፓሪስ ይመጣል። የፈጠራ ሥራ ነው ተብሎ የሄደበት ቦታ አሰልቺ የካላንደር ቢሮ ሆኖ ያገኘዋል። ጎረቤቱ ስቴፋኒ (ሻርሎት ጌንስቡር) ናት።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ዕቃዎቹ ላይ አድርጉ። የካርቶን ካሜራ ያለበትን የቲቪ ስቱዲዮ ስታዩ ስቴፋን ጭንቅላት ውስጥ፣ ሕልሙ ውስጥ ናችሁ። እዚያ ድስት ጥዶ የሕልም አሠራር ያሳያል፤ ከቀን ውሎ ትንሽ፣ ከድሮ ትዝታ ትንሽ ጨምሮ። ግን ይህ ምልክት ሁሌ አይሠራም። ስቴፋኒ ቤት፣ ሁለቱም ነቅተው ሳለ፣ ቧንቧው ሲከፈት የሚወርደው ውኃ ሴሎፎን (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መጠቅለያ) ነው። እዚህ ጋ «ሕልም ነው እውን?» እያላችሁ ፊልሙን አታቁሙት፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲጫወት ዓለሙ እንዲህ ነው የሚታያቸው። ዳይሬክተሩ ሚሼል ጎንድሪ ይህን ሁሉ በጨርቅ፣ በካርቶንና በስቶፕ ሞሽን (ዕቃን ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት) መሥራቱ ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ስቴፋኒን ተከተሉ። ስቴፋን በእንቅልፍ ልቡ ደብዳቤ ጽፎ በበሯ ሥር ያስገባል፣ ያውም የጓደኛዋን የዞዪን ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ! ሲነቃ ደንግጦ በሽቦ ጎትቶ ያወጣዋል። እሷ ግን አንብባዋለች። እሱ ሕልም ነበር ብሎ ሊረሳው የሚፈልገውን እሷ በእጇ ይዛ ነው ያየችው፤ ከዚህ በኋላ ለምን እንደምትጠራጠረው የሚገባችሁ ይህን ካስታወሳችሁ ነው።

የፈረሱም ነገር እንደዚያው። የጨርቅ ፈረሷን እንዲጋልብ ሊያደርግላት ሳታውቅ ቤቷ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን የፊልሙ ጣፋጭ ቦታ ነው ይላል። ስትይዘው ፊቷን እዩና ፍረዱ፤ ተናድዳለች። በኋላ ፈረሱ ሲጋልብ አይታ ደውላ ታመሰግነዋለች። ሁለቱም ስሜቷ እውነት ነው፣ አንዱን ለማጥፋት አትሞክሩ።

ሲያልቅ «መጨረሻው ሲተነተን» የሚሉ ቪዲዮዎች ጋ አትሩጡ። ይልቅ ስቴፋን ራሱ የሠራውን፣ በጊዜ ውስጥ አንድ ሰከንድ ብቻ የሚያስጉዘውን ማሽን ለስቴፋኒ ከሚሰጣት ቦታ ጀምራችሁ ሁለቱ አብረው ያሉባቸውን ትዕይንቶች ድገሙ። በዚህኛው ዙር እሱን ተዉትና እሷን ብቻ እዩ።