በሕመም ጊዜ ሶላትና ዱዓ
በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ሆስፒታል የተኛ ሙስሊም ቆሞ ለመስገድ አይገደድም፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያቃተው በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል፤ ሩኩዕ (ማጎንበስ) እና ሱጁዱንም (በግንባር መደፋት) በጭንቅላቱ እንቅስቃሴ ያመለክታል፣ ለሱጁድ ይበልጥ ዝቅ እያለ። ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ ውሃ የሚጎዳው ከሆነ በንጹሕ አፈር ተየሙም (በውሃ ፈንታ ፊትንና እጅን በአፈር ማበስ) ያደርጋልና ጠያቂ ዘመድ ጥቂት አፈር በዕቃ ቢያመጣለት መልካም ነው።

ለመጽናናት እኔ የማስቀድመው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነቱን ላመመው ባልደረባቸው ለዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ ያስተማሩትን ዱዓ (ልመና) ነው፤ ይኸውም እጅን በሚያመው ስፍራ አኑሮ 3 ጊዜ «ቢስሚላህ» (በአላህ ስም)፣ ቀጥሎም 7 ጊዜ «ከሚሰማኝና ከምፈራው ክፉ ነገር በአላህና በችሎታው እጠበቃለሁ» የሚለውን በዐረብኛው ማለት ነው። ዐረብኛው የከበደው ከሶላት ውጭ በአማርኛ፣ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ አላህን ይለምን። መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ ይውሰድ፤ ነቢዩ ራሳቸው መታከምን አዘዋልና።