የህንድ የነዳጅ መጠባበቂያ ስንት ቀን ያዘልቃል? አሰላሉ

«በቂ ክምችት አለ» የሚል መግለጫ ሲሰሙ ቁጥሩን ራስዎ ያስሉት።

መነሻው የማከማቻው አቅም ነው። ህንድ መጠባበቂያ ድፍድፍ (ያልተጣራ) ነዳጇን የምታስቀምጠው ከመሬት በታች በተፈለፈሉ የዓለት ዋሻዎች ነው፦ ቪሻካፓትናም 1.33፣ ማንጋሉሩ 1.5፣ ፓዱር 2.5፣ በድምሩ 5.33 ሚሊዮን ቶን። አንድ ቶን 7.33 በርሜል ገደማ ስለሚሆን ይህን በ7.33 ያባዙ፤ 39 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይመጣል። በየቀኑ ከውጭ የሚገባውን 4.5 ሚሊዮን በርሜል ብለው ቢያካፍሉት ዘጠኝ ቀን እንኳ አይሞላም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አቅም ማለት የተሞላ ማለት አይደለም። ዋሻው ግማሹ ባዶ ከሆነ ቀኑም በግማሽ ይቀንሳል። የሙሌቱን መጠን ሳያገኙ ቀን አይጥቀሱ። ለመሙላት ጥሩው ጊዜ ዋጋ የወደቀበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተደረገውም ይኸው ነው።

የነዳጅ ኩባንያዎችን ክምችት ለብቻው ይመዝግቡ። መንግሥት የዋሻዎቹንና የኩባንያዎቹን ክምችት ደምሮ 74 ቀን ሲል ቆይቷል። ከኩባንያዎቹ ድርሻ ግን ቧንቧ ውስጥ ያለውና በማከማቻ ታንክ ወለል ላይ የሚቀረው ስለማይቀዳ ይቀነሳል። ማነጻጸሪያው ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ከአባላቱ የሚጠይቀው የ90 ቀን የተጣራ የውጭ ግዢ (ከውጭ ከሚገባው ወደ ውጭ የሚላከው ተቀንሶ) የሚያህል ክምችት ነው፤ ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተባባሪ አባል ብቻ ስለሆነች አትገደድም።

የማብሰያ ጋዝን ከዚህ ስሌት ያውጡት። 60 በመቶ ገደማው ከውጭ፣ አብዛኛውም በሆርሙዝ የባሕር ሰርጥ በኩል ይገባል፤ ድፍድፍ ሲጣራ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ነው። መስመሩ ቢዘጋ ቀድሞ የሚያልቀው የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ነው።