አዲስ ሰርቨር ላይ አንሲብል እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አንሲብል (ሰርቨሮችን ከርቀት በራሱ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) ሲሰናከል በቀይ የሚጽፈው ሳያስደነግጣችሁ አንድ ቃል ፈልጉ። «አንሪቸብል» ካለ አንሲብል ሰርቨሩ ውስጥ ጭራሽ አልገባም፤ «ፌይልድ» ካለ ገብቷል፣ ሥራው ላይ ነው የተሰናከለው። ይህን ሳትለዩ ፕሌይቡኩን (የሥራዎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) መነካካት ጊዜ መግደል ነው።

ገና ከጅምሩ «አንሪቸብል»

አንሲብልን ተዉትና በዚያው ተጠቃሚ ስም፣ በዚያው ቁልፍ ራሳችሁ በኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት በሚያስገባው መንገድ) ግቡ። እምቢ ካለ መጀመሪያ ስሙን ጠርጥሩ፤ አንዳንድ የክላውድ ሰርቨሮች «ኡቡንቱ» በሚለው ስም እንጂ በ«ሩት» (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) አያስገቡም። ኢንቬንተሪው (የሰርቨሮቹ ዝርዝር) ላይ አስተካክሉት።

ሰርቨሩን አፍርሳችሁ በዚያው አይፒ እንደገና ከሠራችሁት ደግሞ የሆስት ቁልፉ (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት) ተቀይሯል። የድሮውን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ካለው «ኖውን ሆስትስ» ፋይል አጥፉ፣ አዲሱን በአቅራቢው (ሰርቨሩን በሚያከራየው ድርጅት) ኮንሶል ከሚታየው ጋር አመሳክሩ። የዚህን ቁልፍ ፍተሻ ጨርሶ የሚዘጉ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ ሌላ ሰው መሀል ቢገባ የሚያስጠነቅቃችሁ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሠርቶ ቀጥሎ «አንሪቸብል»

ይሄኛው ያስለቅሳል። ብዙ ጊዜ ፋየርዎሉ (የትኛው ግንኙነት እንደሚገባ የሚወስነው) ሲበራ ለኤስኤስኤች ፖርት 22 አልተፈቀደም ማለት ነው። ዩኤፍደብልዩ (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ቀድሞ የተከፈተውን ግንኙነት ስለማይቆርጠው ያኔ ሁሉም ሰላም ይመስላል፣ ጉዱ የሚወጣው በሚቀጥለው ሙከራ ነው። በአቅራቢው ኮንሶል ገብታችሁ 22ን ክፈቱ። ፕሌይቡኩ ላይም 22ን የሚፈቅደው ታስክ (አንዱ ሥራ) ፋየርዎሉን ከሚያበራው በፊት ይምጣ።

«ፌይልድ»፣ ሎክ ማግኘት አልቻልኩም

አዲስ ኡቡንቱ እንደተነሳ ራሱን ማዘመን ይጀምርና የዲፒኬጂን (ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም) ሎክ ይይዛል፤ ሎኩ እስኪለቀቅ ሌላ መጫን አይችልም። እናንተም በዚያችው ሰዓት ፓኬጅ ጫን ስትሉት የኤፒቲ ሞጁል (ፓኬጅ የሚጭነው የአንሲብል ክፍል) 60 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። የሎክ ፋይሉን እንዳትሰርዙ! በመጫን ላይ ያለ ፓኬጅ መሀል ላይ ሊበላሽ ይችላል። የሚጠብቅበትን ጊዜ፣ «ሎክ ታይምአውት»ን፣ ወደ 300 ሰከንድ አሳድጉት። ክላውድ ኢኒትም (ሰርቨሩን መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዘጋጀው) ፓኬጅ የሚጭን ከሆነ እሱ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ታስክ አስቀድሙ።

ፓይተን የለም ካለ

ሞጁሎቹ ያለ ፓይተን አይሠሩም፣ ትእዛዝ እንዳለ በኤስኤስኤች የሚልከው «ሮው» ግን ይሠራል። በእሱ ፓይተን 3ን ጫኑ፤ እስከዚያ ድረስ ፋክት (ስለ ሰርቨሩ መረጃ) መሰብሰቡን አጥፉት።

በየጊዜው «ቼንጅድ» ይላል

ምንም ሳይቀየር «ተቀይሯል» ካለ «ሼል»ን (የፈለጋችሁትን ትእዛዝ የሚያስኬደውን ሞጁል) የሚጠቀሙትን ታስኮች እዩ። ሼል ሥራው ከዚህ በፊት መሠራቱን አያውቅም፣ ሁሌም እንደ አዲስ ይሠራዋል። «ክሪኤትስ» ጨምራችሁ የሚፈጠረውን ፋይል ንገሩት፤ ፋይሉ ካለ ያልፈዋል። ለሥራው የተዘጋጀ ሞጁል ካለ ግን ሼሉን ትታችሁ እሱን ተጠቀሙ።