የጀርመን የጦርነት ቦምቦችን ፊውዝ ከፎቶ ላይ እንዴት መለየት ይቻላል?

ፊውዝ ማለት ቦምቡን የሚያፈነዳው ክፍል ነው። መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ። የምንለየው በፎቶ፣ በድሮ ሰነድ ወይም በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለውን ነው። መሬት ላይ ያገኛችሁትን አትንኩ፣ ቁጥሩን ለማንበብም አትጠጉ። ራቁና ለፖሊስ ደውሉ። እንግሊዝ አገር፣ ፕሊመዝ ከተማ ውስጥ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቤት ጓሮ 500 ኪሎ የጀርመን ቦምብ ተገኝቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ከ80 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ፎቶውን እንይ። በቅድሚያ ፊውዙ የት እንዳለ ፈልጉ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቦምቦች በአብዛኛው አፍንጫቸው ወይም ጭራቸው ላይ ነው ያላቸው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምቦች ግን ጎናቸው ላይ ነው። ትልልቆቹ ሁለት ፊውዝ ሊኖራቸው ይችላል።

ቀጥሎ የፊውዙን ራስ ተመልከቱ። ክብ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ጉጦች አሉት። ቦምቡ ሲለቀቅ ከአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ የሚገባው በእነሱ ነው።

ከዚያ በክብ ውስጥ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። በ5 የሚያልቁት፣ እንደ 15፣ 25 እና 55 ያሉት፣ ሲመታ የሚሰሩ ናቸው። በ7 የሚያልቁት የጊዜ ናቸው፤ 17 ቁጥር በሰዓት የሚሰራ ሲሆን እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። 50 ደግሞ መነካትን ይጠብቃል፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ይፈነዳል። 17 እና 50 አንድ ቦምብ ላይ አብረው ሲገኙ ምን ያህል እንደሚከፋ አስቡት። እንግሊዛዊው ቦምብ አምካኝ የሰፎክ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ከጸሐፊውና ከሹፌሩ ጋር የሞተው በግንቦት 1941 እ.ኤ.አ. እንዲህ ባለ ቦምብ ላይ ሲሰራ ነው።

ቁጥሩን ብቻ አንብባችሁ አታቁሙ። አጠገቡ ያሉትን ፊደላትም መዝግቡ። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተገኘው አዲስ ፊውዝ ላይ ያለው ቁጥር ያው 50 ነበር። የሚለየው ቀጥሎ የተጻፈው «ዋይ» (Y) ፊደል ነው። የተሰራው ግን በቀጥታ አምካኞቹን ለመግደል ነው። በተጨማሪም 17 ቁጥር ሥር ፊውዙ ሲነቀል የሚያፈነዳ ወጥመድ ሊደበቅ ይችላል፤ ይህን ከላይ ማየት አይቻልም።

ቢራቢሮ የሚባለው የ2 ኪሎ ቦምብ የራሱ ቁጥሮች አሉት። 67 የጊዜ ነው፣ 70 መነካትን የሚጠብቅ ነው። 41 ግን ከላይ ያለውን ሕግ አይከተልም፤ መሬት ሲመታ ወይም አየር ላይ እያለ ይፈነዳል።

የመሬት ፈንጂ ከሆነ ቅርጹን እዩ። ሦስት ቀጫጭን ቀንድ ከአፈር ብቅ ካለ ወደ ላይ ዘሎ የሚፈነዳው ፀረ ሰው ፈንጂ ነው። እንደ ሰሃን ጠፍጣፋው ፀረ ታንክ ፈንጂ ነው።

ስትመዘግቡ የማይነበበውን «አይነበብም» ብላችሁ ጻፉ። ዝገት የመጨረሻዋን አሃዝ ከበላት፣ ያያችሁት 15 ይሁን 17 አይታወቅም።